ውላጤና ሚጠት፦ ተቀራራቢ ቃላት በማሽን ፊት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የምሥጢረ ሥጋዌ ትምህርት ውላጤና ሚጠት ተከታትለው ይነሣሉ፤ ሁለቱም የሚነሡት እንዳልሆኑ ለመናገር ነው። በተራ ንግግር ሁለቱንም «መለወጥ» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ በጉባኤ ቤት ግን አያሳልፍም። ውላጤ ተለውጦ መቅረት ነው፤ የሎጥ ሚስት የጨው ሐውልት ሆና ቀረች። ሚጠት ተለውጦ መመለስ ነው፤ የሙሴ በትር እባብ ሆና ዳግመኛ በትር ሆነች። ቃል ሥጋ ሲሆን መለኮቱ ተለውጦ አልቀረም፤ ለጊዜው ተለውጦም አልተመለሰም።

በጣና ዳርቻ እንዲህ ያለው የቃል ልዩነት ደም አፋሷል። ጎርጎራ የከተሙት ኢየሱሳውያን ያስተማሩትን፣ እ.ኤ.አ. በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ ስለ ክርስቶስ የተወሰነውን የ«ሁለት ባሕርይ» ትምህርት አፄ ሱስንዮስ ተቀበሉ፤ ከብዙ እልቂት በኋላ በ1624 ዓ.ም. የቀድሞውን ሃይማኖት መለሱ። ቀጥሎ ክርክሩ ወደ ቤት ገባ፦ ወልድ በሥጋው የባሕርይ ልጅ የሆነው በተዋሕዶ ነው ወይስ በመንፈስ ቅዱስ ቅባት? የቅባት ትምህርት በጎጃም ሥር ሰድዶ ነበር። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ፣ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ፊት፣ ለተዋሕዶ ተፈረደ።

ዛሬ አንድ የባሕር ዳር ተማሪ ስለ እነዚህ ቃላት ያለውን ጥያቄ በስልኩ ለቻትጂፒቲ ማቅረብ ይችላል። እንዲህ ያለው ማሽን ቃልን የሚያውቀው አብረውት ከሚውሉት ቃላት ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ጎን ለጎን የሚጻፉት ውላጤና ሚጠት በቀላሉ ሊምታቱበት ይችላሉ። የባሰው አሳሳች ግን የዕለት አማርኛ ነው። በገበያ ባሕርይ ጠባይ ነው፣ አካልም ሰውነት፤ በዚህ አፈታት ሥላሴ «ሦስት አካል» ሲባሉ ሦስት ሰውነት ሊመስሉ ነው፤ ይህን የሚል መምህር የለም።

በትክክል ቢመልስስ? ዋናው ጥያቄ ያኔ ነው የሚመጣው። የአንድምታ መምህር «አንድም» እያለ ፍቺዎቹን ለየብቻ ያቆማቸዋል፤ ማሽኑ፣ ካልተነገረው በቀር፣ ወደ አንድ ለዘብ ያለ መልስ ሊያቀልጣቸው ይችላል። «ባሕርይ» ግን በእስክንድርያው ቄርሎስና በኬልቄዶን አንድ ፍቺ የለውም። የሃይማኖት ቃል ፍቺ የሚጸናው የሚመሰክርለትና የሚጠየቅበት ሰው ሲኖር ነው፤ ማሽኑ አያምንም፣ አይክድም፣ ተወግዞም አይለይም። ስለዚህ «ባሕርይ ምንድን ነው?» ከማለት «ባሕርይ በቅባቶች ዘንድ፣ በተዋሕዶ ዘንድ፣ በካቶሊክ ዘንድ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ መልሱም ሃይማኖተ አበው ከተባለው መጽሐፍና ከወንበር መምህር ጋር ይመሳከራል።