ሹም ሲወርድ የሚወጣ ዜና

በኢሉባቦር፣ ያዮ ላይ የተጀመረውን የማዳበሪያ ፋብሪካ ሜቴክ የተረከበው እ.ኤ.አ. በ2012 ነበር። ለዓመታት በመንግሥት ቴሌቪዥን የሜቴክ ስም ያለ ሙገሳ አይነሳም ነበር። በ2018 መሪ ተለወጠ፤ ፋብሪካው ሳያልቅም ውሉ ተቋረጠ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ያው ጣቢያ ስለ ሜቴክ ብክነት ዘጋቢ ፊልም አቀረበ፤ የቀድሞውን ኃላፊ ሜጀር ጄኔራል ክንፈ ዳኘውንም ፍርድ ቤት ሳይፈርድ በካቴና አሳየን። (ይህስ የዳኛን ሥራ መሻማት ይመስለኛል።)

የኋለኛው ዘገባ እውነት ነው እንበል። ታዲያ እስከዚያ ድረስ ምን ይዞት ቆየ? የያዮ ሰው ፋብሪካው አለማለቁን ለማወቅ ቴሌቪዥን አላስፈለገውም፤ ደጁ ላይ ነው። ይህ ሰው ነገ እውነተኛ ዜና ሲነገረው፣ «ደግሞ ማን ወረደ?» ብሎ ቢጠይቅ ይፈረድበታልን?