ኮርቻውን ገልብጣችሁ እዩት

ቆዳን በቆዳ ማስጌጥ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ልጣፍ ነው። ቀዩን ባሕረ አረብ በአበባ ወይም በመስቀል ቅርጽ ይቆርጡና ከኮርቻው መቀመጫ ላይ አኑረው ዙሪያውን ይሰፉታል። ቶሎ ያልቃል፣ ከሩቅም ያምራል። ሁለተኛው ትዕግሥት ይጠይቃል። ቅርጹ የሚቆረጠው ከመቀመጫው ቆዳ ከራሱ ላይ ነው፤ መስኮት ይከፈትለታል እንበል። ቀዩ ወይም አረንጓዴው ቆዳ ከሥር ይገባና በመስኮቱ በኩል ብቅ ይላል። ስፌቱ የመስኮቱን ጠርዝ ይከተላል። ጌጡ ከላይኛው ቆዳ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ የፈረሰኛው ሱሪ እንደ ልጣፉ ቶሎ ፈትጎ አያነሣውም።

ጣጣው ከሥር ነው። የገባው ቆዳ ጠርዙ እንዳለ ከተተወ ከላይኛው ቆዳ ሥር እንደ ደም ሥር ጎልቶ ይቀራል። ስለዚህ ሠሪው ጠርዙን በስለት እየፋቀ ያሳሳዋል፤ መዳፍ ሲዳስሰው የት እንደጀመረ የት እንዳበቃ እስከማይለይ ድረስ። ይህ ሥራ በደንብ ከተሠራ ጭራሽ አይታይም። ለማይታይ ነገር ታዲያ ማን ይከፍላል?

ከመቀመጫው ወደ ታች ስንወርድ ነገሩ ይከብዳል። የሀገራችን ኮርቻ አጥንቱ እንጨት ነው። ሁለቱ የጎን እንጨቶች የፈረሱን አከርካሪ ነፃ ትተው ግራና ቀኝ ሥጋው ላይ ያርፋሉ። እርጥብ ቆዳ ተለብጦባቸው ይሰፋል፤ ቆዳው ሲደርቅ ይኮማተርና እንጨቱን አንቆ ይይዘዋል። እዚህ ላይ አንዲት አንጓ ሳትላግ ከቀረች፣ ወይም የስፌቱ ቋጠሮ ወደ ጀርባው ከዞረ፣ ገዢው አያያትም። ፈረሱ ግን ያውቃታል። ገጣባም የሚጀምረው እንዲህ እንዲህ እያለ ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ጥያቄ ይኸው ነው፦ ሥራ ሲበላሽ የተበደለው ማን ነው? ገንዘቡን የከፈለው ፈረሰኛው ነው፤ የተደሰተውም ያሞገሰውም እሱ ነው። የሚቆስለው ግን በውሉ ውስጥ ያልነበረ፣ ዋጋ ያልተከራከረ፣ አቤት የማይል እንስሳ ነው። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለው የነጋዴ አባባል እዚህ ላይ አይሠራም። ንጉሡ ረክቶም ሥራው ነውር ሊሆን ይችላል።

«በከፈለኝ ልክ ሠራሁለት» የሚል መልስ አለ። ይህን መልስ እኛም ቢሮ ውስጥ እንወደዋለን፤ ደመወዙ ትንሽ ነው፣ እኔም ትንሽ እሠራለሁ። ግማሹን እቀበለዋለሁ። ዋጋው ካነሰ ጌጡ ይቀነስ፤ ቀዩ ቆዳ ይቅር፣ መስኮቱም አይከፈት። ርካሽ ኮርቻ ነውር የለበትም። ከሥሩ ግን አይቀነስም፤ ከሥር የሚቀነሰው የሠሪውም የገዢውም ገንዘብ አይደለማ፣ የፈረሱ ሥጋ ነው። እኛ በተግባር የምናደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። ቀለሙ ይደምቃል፣ ብረቱ ይሳሳል። ይህን የምለው ስለ ኮርቻ ብቻ እንዳልሆነ አዲስ ፎቅ ውስጥ የሚኖር አንባቢ ይረዳኛል። እዚያ ቤት ፈረሱ ማን እንደሆነ እሱ ያውቀዋል።

ደግሞ ሌላ ዕዳ አለብን። ቆዳ የሚያለፋውን ሰው ምን ስንለው ኖርን? ፋቂ። ቃሉ የሥራ ስም ነበር፤ ስድብ አደረግነው። ቀን ኮርቻ አዘዝነው፣ ማታ ቡዳ ነው ብለን ልጆቻችንን ሸሸግንበት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ ሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። መልካም አዋጅ ነበር፤ አዋጅ ግን አፍን እንጂ ዓይንን አያዝዝም። አባ ዳኘው፣ አባ ነፍሶ፣ አባ መላ እያልን የጀግኖቹን የፈረስ ስም እስከ ዛሬ እንጠራለን። ኮርቻውን የሰፋው ሰው ስም ግን የለም። ለተሰደበ ሰው ከሥር ማጭበርበር እንዴት ያለ ቀላል በቀል ነበር! ሁሉም እንዲያ አድርገው ቢሆን ኖሮ በ1888 ዓ.ም. ከሸዋ ተነሥቶ ዓድዋ የሚደርስ ፈረስ ባልተገኘ። ለክብር ብለው ነው እንዳንል ክብሩን አልሰጠናቸውም። እግዜርን ፈርተው? ሊሆን ይችላል። እኔ በበኩሌ ምክንያቱ ከዚህ ቀለል ያለ ይመስለኛል፤ የሞተ እንስሳ ቆዳ ሲዳስስ የኖረ እጅ፣ ገና በሕይወት ያለውን ቆዳ መላጥ ይከብደዋል።

ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ግላሱና ልጓሙ ዓይን ይስባል፤ ካሜራው ሁሉ የሚያነሣው ከላይ ነው። እዚያ የሚሄድ ሰው ትርዒቱ ሲያልቅ ትንሽ ቆም ይበል። ኮርቻው ሲራገፍ የፈረሱን ጀርባ በመዳፉ የሚዳብስ ባለቤት ያያል፤ ዞር ሳይል ወደ ጠላ ቤት የሚያመራም አይጠፋም። ገበያ ውስጥም እንዲሁ ነው። ኮርቻ ገልብጦ ሆዱን የሚያይ ገዢ ሲመጣ የአንዱ ሻጭ ፊት ይጠቁራል፤ ሌላው ደግሞ የተቀመጠበትን በርጩማ ለቆ «እስቲ ይቀመጡ» ይላል።