ጭንቀት ወደ ትጋት ይመለስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ካህናትና ምእመናን፤ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ዱከም በጤፍ ምድር መካከል የተቈረቈረች ከተማ ናት፤ ዛሬ ግን ፋብሪካ በዝቶባታል። እንዲህ ባሉ ከተሞች የነርስነት ትምህርት ከሚማሩት ልጆቻችን መካከል የአየሩ ጠባይ መለወጥ የሚያስጨንቃቸው አሉ። ከእኛም አንዳንዱ ይህን እንደ እምነት ጉድለት ይቈጥርባቸዋል። ፍርድ ከማፋጠናችን በፊት ግን ነገሩን እንመርምር።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1958 በአገራችን ከልማድ የበለጠ ዝናምና ሙቀት በአንድነት ሆኑ። ወባም ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ወዳለው አገር ወጣች። የታመመው ሕዝብ 3 ሚሊዮን፥ የሞተውም 150 ሺህ ያህል እንደ ነበረ ተገምቷል። የዱከም ከፍታም በዚሁ ልክ ውስጥ ነው። በ2024ም፥ ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም፥ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። እንግዲህ የልጆቻችን ፍርሃት ከከንቱ የመነጨ አይደለም።

ጌታችን ስለ ምግብና ስለ ልብስ እንዳንጨነቅ አስተምሮናል፤ ስለ ባልንጀራ ማሰብን ግን አልከለከለም። ደጉ ሳምራዊ ቍስለኛውን ባየ ጊዜ ልቡ ባይራራ ኖሮ፥ እንደ ካህኑና እንደ ሌዋዊው አልፎ በሄደ ነበር። ዮሴፍም ራብ እንደሚመጣ ባወቀ ጊዜ እህል አከማቸ እንጂ አልቅሶ አልተቀመጠም። ስለዚህ ጭንቀት ሁለት መንገድ አለው፤ ወደ ተስፋ መቍረጥ ቢያዘነብል ነፍስን ይጎዳል፤ ወደ ትጋት ቢመለስ ግን ፍቅር ይሆናል።

እናንት ልጆቻችን፥ የረጋ ውሃ ማፋሰስን፥ በአጎበር መተኛትን፥ ውሃ አፍልቶ መጠጣትን ለእናቶች አስተምሩ፤ የምታስታምሙት ክርስቶስን እንደ ሆነ አትርሱ።

እኛም ካህናት በቅዳሴ ስለ ዝናም፥ ስለ ወንዝና ስለ ምድር ፍሬ እንጸልያለን። እንዲህ እየጸለይን በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ውሃ ረግቶ ትንኝ ቢራባ፥ ልጆቻችንም ጭንቀታቸውን ሊነግሩን ሲመጡ በተግሣጽ ብቻ ብንመልሳቸው፥ ሥራችን ጸሎታችንን ይቃወመዋል። አባቶቻችን በየደብሩ ጥድና ወይራ ጠብቀው ያቈዩት ለጥላ ብቻ አይደለም፤ አዳም ገነትን እንዲያበጅና እንዲጠብቅ መታዘዙን ስላልዘነጉ ነው። እኛም የተረከብነውን ሳናጎድል ለልጆቻችን እናስረክብ።

አምላካችን ለምድራችን የተመጠነ ዝናምን፥ ለሕሙማን ፈውስን፥ ለሚያስታምሙም ብርታትን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።