ጆሮ ምስክር ይሆናልን?

ሰው ስለ ዓለም የሚያውቀውን የሚያገኘው በስሜት ሕዋሳቱ አማካይነት ነው። ዐይን ያያል፤ ጆሮ ይሰማል፤ እጅ ይዳስሳል፤ ኅሊና ደግሞ ከእነዚህ የተቀበለውን አመዛዝኖ ፍርድ ይሰጣል። ዳሩ ግን ኅሊና ተቀባይ ብቻ አለመሆኑን፣ ለጆሮ ምን መስማት እንደሚገባው አስቀድሞ የሚነግርበት ጊዜ መኖሩን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። አባቶች «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ሲሉ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን አይሰማም ማለታቸው ነው። እኔ ግን ምሳሌያዊውን አነጋገር ከተለመደው ፍችው ጥቂት አራቅ አድርጌ፣ ጆሮ ለገዛ ባለቤቱ የታመነ ምስክር ሊሆን ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን ጥያቄ ላነሣ እወዳለሁ። ለጥያቄው መነሻ የሆነኝ ረቂቅ ፍልስፍና አይደለም፤ በቤት ውስጥ የሙዚቃ ማጫወቻ ሥር የሚደረግ የድንጋይና የጎማ ቁራጭ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙዚቃን በቤታቸው አጥርተው መስማት የሚወዱ ሰዎች በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን ብዙ ናቸው፤ በእኛም አገር አልጠፉም። ከእነዚህ አንዳንዶቹ መሣሪያዎቹ የተቀመጡበት ቦታ ንዝረት ድምፁን ያበላሻል ብለው ያምናሉ። ስለዚህም ከማጫወቻው፣ ከማጉያውና ከስፒከሩ ሥር የጎማ እግር፣ የብረት ሾጣጣ፣ የእብነ በረድ ጠፍጣፋ ወይም አሸዋ የተሞላ ሣጥን ያደርጋሉ። ሽቦው ወለሉን እንዳይነካ ትንንሽ መደገፊያ የሚያቆሙለትም አሉ። ለዚሁ ተብሎ የሚሠራው ሸቀጥ ዋጋው ከራሱ ከማጫወቻው የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ገዢዎቹም ድምፁ ጠራ፣ ጥልቀት አገኘ፣ መጋረጃ የተገለጠ ያህል ሆነ ብለው ይመሰክራሉ።

ይህን ሰምቶ መሳቅ ቀላል ነው። ሳቅ ግን ማስረጃ አይሆንም። ትንሽ ነገር ድምፅን በብርቱ ሊለውጥ እንደሚችል የራሳችን በገና ይመሰክራል። በገና 10 አውታሮች አሉት፤ በእያንዳንዱ አውታርና አውታሩ በሚያርፍበት ድጋፍ መካከል እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ያ ግርማ ያለው የሚያነዝር ድምፅ የሚወለደው አውታሩ ቆዳዋን እየነካካ ሲንቀጠቀጥ ነው። ደርዳሪው እንዚራዋን በጥቂቱ ገፋ ወይም ሳብ ሲያደርጋት ድምፁ ይለወጣል፤ ጨርሶ ሲያወጣት ነዘራው ይጠፋል። ስለዚህ «እንዲህ ያለች ኢምንት ነገር ምን ትለውጣለች?» የሚለው ክርክር ዋጋ የለውም። ተገቢው ጥያቄ ንዝረቱ በየትኛው መንገድ ገብቶ ድምፅ ይሆናል የሚለው ነው። ይህም ለእያንዳንዱ መሣሪያ ለየብቻው መጠየቅ አለበት።

በሸክላ እንጀምር። በሸክላ ፈር ውስጥ የሚሄደው መርፌ የሚያደርገው እንቅስቃሴ የሚለካው በሚሊ ሜትር ሺሕኛ ነው። ከዚህ እንቅስቃሴ የሚገኘው የኤሌክትሪክ ኃይል በተለመደው ዓይነት 5 ሚሊ ቮልት ያህል ብቻ ስለሆነ ማጉያው እጅግ አድርጎ ሊያበዛው ግድ ነው። ከዚህም በላይ፣ ሸክላ በሚቀረጽበት ጊዜ ወፍራሙ ድምፅ ፈሩን ከመጠን በላይ እንዳያሰፋው ተቀንሶ ይቆረጣል፤ በሚጫወትበት ጊዜ ደግሞ ማጉያው መልሶ ያሳድገዋል። በሴኮንድ 20 ጊዜ የሚነዝረው ድምፅ 1,000 ጊዜ ከሚነዝረው ጋር ሲነጻጸር ወደ 10 እጥፍ ይጎላል። የእግር ኮቴና የወለል መንቀጥቀጥም ከዚሁ ከወፍራሙ ወገን ናቸው። መርፌው የዘፋኙን ድምፅ ከጎረቤት እርምጃ ለይቶ አያውቅም፤ የነቀነቀውን ሁሉ ሙዚቃ ነው ብሎ ይልከዋል። ስፒከሩ ራሱ ጠረጴዛውን ሲያናውጥና መናወጡ ተመልሶ በመርፌው ሲገባ ደግሞ ማቆሚያ የሌለው ጩኸት ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1961 ኤድጋር ቪልቹር የተባለው አሜሪካዊ ፈልሳፊ ሸክላው የሚዞርበትን ሳሕንና የመርፌውን ክንድ በአንድነት በሞላ ላይ አንጠልጥሎ የሠራው ማጫወቻ ዝና ያተረፈው ይህን እውነተኛ ችግር ስለ ፈታ ነው። በቫልቭ የሚሠራ ማጉያም እንዲሁ ነው፤ ቫልቩን በጣት መታ ሲያደርጉት ምቱ ከስፒከሩ የሚሰማበት ጊዜ አለ። በእነዚህ ላይ ንዝረትን ማፈን ከንቱ እምነት ሳይሆን ምክንያት ያለው ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበው ሲዲ ግን ነገሩን ይለውጠዋል። በሲዲ ላይ ያለው የድምፅ ቅርጽ ሳይሆን ቁጥር ነው፤ ለእያንዳንዱ ሴኮንድ 44,100 ልኬት ተመዝግቦበታል። የሌዘሩ ብርሃን ያነበበው ቁጥር ስሕተቱ በስሌት ይታረማል፤ ለጥቂት ጊዜ በማከማቻ ይቆያል፤ ከዚያም በክሪስታል ሰዓት እየተመጠነ ይወጣል። ማጫወቻው በኃይል ቢመታ ሙዚቃው ይዘላል ወይም ይቋረጣል። ቁጥሩ በትክክል ከተነበበ ግን ከሥሩ ድንጋይ ስለተደረገ ክራሩ አይለሰልስም። ከትራንዚስተር ማጉያና ከሽቦ ሥር የሚደረገውም ድጋፍ ወደ ድምፅ የሚገባበት ይህ ነው የሚባል መንገድ የለውም።

እንግዲህ የፊዚክሱ ነገር ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ክርክሩ አለቀ ሊባል ይችል ነበር። ለእኔ ግን የተጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ በሲዲ ማጫወቻ ሥር የተደረገ ድንጋይ ድምፅን ሲያጠራ ሰምቻለሁ።

ጡረታ የወጡ አንድ የሙዚቃ መምህር ወዳጅ አሉኝ። ከጡረታቸው ቆጥበው፣ በውጭ አገር ባለ ዘመድ በኩል ለማጫወቻቸው የተወለወሉ ድንጋዮች አስመጡ። ጠርተውኝ አንዱን ሙዚቃ መጀመሪያ ያለ ድንጋዮቹ፣ ቀጥሎ ከነድንጋዮቹ አሰሙኝ። «እህስ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ በጣም ይለያል» አልኳቸው። ከይሉኝታ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በዚያች ሰዓት ልዩነቱ በእርግጥ ተሰምቶኛል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው በእርሳቸውና በእኔ ምስክርነት ተማምኖ ተመሳሳዩን ለመግዛት ገንዘብ እንደ ተበደረ ስሰማ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። ተመልሼ ሄጄ መጠራጠሬን ነገርኳቸው። አልተቆጡም። «እንግዲያስ እንፈትነው» አሉ።

መሣሪያውን በአንሶላ ጋረድነው። የልጅ ልጃቸው ከአንሶላው በስተኋላ ሆና ሳንቲም እየወረወረች ድንጋዮቹን በዕጣው መሠረት እንድታደርግ ወይም እንድታወጣ፣ በሁለቱም ጊዜ ማጫወቻውን አንሥታ እንድታስቀምጥ ተነገራት። 16 ጊዜ ሰማን፤ እያንዳንዳችንም መልሳችንን ጻፍን። ምንም ያልሰማ ሰው እንኳ በግምት ብቻ 8 ያህሉን ያገኛል፤ 12 እና ከዚያ በላይ በግምት የማግኘቱ ዕድል ግን ከመቶ 4 አይሞላም። እኔ 9 አገኘሁ። እርሳቸው 7።

ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በኋላ የተናገሩት ስለ ድንጋዮቹ አልነበረም። «ለ30 ዓመት የተማሪ ድምፅ ስፈትን የስም ዝርዝሩ ፊት ለፊቴ ነበር» አሉ። «ይህ ጎበዝ ነው፣ ይህ ሰነፍ ነው እያልኩ አስቀድሜ አውቅ ነበር። የሰማሁት ድምፃቸውን ነበር ወይስ ስማቸውን?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። በበኩሌ በቴያትርና በግጥም ውድድር ላይ ዳኛ ሆኜ የተቀመጥኩባቸው ቀናት ትዝ አሉኝ።

ይህ የጥቂት የዋሃን ድካም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1903 ረኔ ብሎንድሎ የተባለ የተከበረ ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ አዲስ ጨረር አገኘሁ ብሎ በናንሲ ከተማ ስም ሰየመው፤ ሌሎች ሊቃውንትም አየነው ብለው መሰከሩ። በ1904 አሜሪካዊው ሮበርት ዉድ ቤተ ሙከራውን ሊጎበኝ ሄዶ በጨለማው ውስጥ ከመሣሪያው ዋናውን የአሉሚኒየም ፕሪዝም በስውር አወጣው። የመሣሪያው ዋና ክፍል ሳይኖር ልኬቱ እንደ ቀድሞው ተነበበ። ብሎንድሎ አታላይ አልነበረም፤ የሚጠብቀውን ያየ ሰው ነበር። ስለ ድምፅም ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ እ.ኤ.አ. በ1994 ባቀረቡት ጥናት 40 አድማጮች ስፒከሮችን አንድ ጊዜ እያዩ፣ አንድ ጊዜ ሳያዩ እንዲመዝኑ ተደርጓል። እያዩ ሲመዝኑ ፍርዳቸው ተለወጠ፤ በእውነት የነበረውን የድምፅ ልዩነትም ዐይናቸው ሸፈነባቸው።

ታዲያ የእኔ ምስክርነት ውሸት ነበርን? ውሸታም እውነቱን እያወቀ ሌላ የሚናገር ነው፤ እኔ ግን የተሰማኝን ተናግሬአለሁ። ይሁን እንጂ በነባራዊው ነገርና በኅሊናዊው ስሜት መካከል ልዩነት አለ። «ደስ አለኝ» ብል ስለ ራሴ የመሰከርኩት ነውና ማንም አይከሰኝም። «ድንጋዩ ድምፁን አጠራው» ስል ግን ስለ ዓለም መስክሬአለሁ። ስለ ዓለም የሚመሰክር ሰው ለማጣራት የሚችለውን ማጣራት ግዴታው ነው። አንሶላውና ሳንቲሙ በቤታችን እያሉ አለመጠቀማችን ውሸት ባይሆን እንኳ ቸልተኝነት ነው፤ የቸልተኝነቱንም ዕዳ የተሸከመው ሌላ ሰው ነው።

አንዳንዱ «ሰውየው ከተደሰተ ምን ቸገረህ?» ይለኛል። ደስታው በቤቱ እስካለ ድረስ አይቸግረኝም። ሌላው ደግሞ 16 ጊዜ መስማት የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፣ የተፈታኝ ጆሮ በጭንቀት ሊደነዝዝ ይችላል ይላል። እውነት ነው። ፈተናው ልዩነት በፍጹም የለም አላለንም። «በጣም ይለያል» ብዬ የማልኩበት ነገር ዐይኔ ሲጋረድ አብሮ መጥፋቱን ግን አሳይቶኛል። ትሕትናን ለመማር ይህ ይበቃል።

ከዚያም የመምህሩን የሸክላ ማጫወቻ መረመርነው። የተቀመጠበትን የሳንቃ መደርደሪያ በጣት ስንመታው ስፒከሩ «ዱም» ይል ነበር። መደርደሪያውን ከግንቡ ጋር አጥብቀን አሠርነው፤ ማጫወቻውንም በጥቂቱ በተነፋ የብስክሌት ጎማ ላይ አስቀመጥነው። ምቱ ከሞላ ጎደል ጠፋ። ይህን ለማወቅ አንሶላ እንኳ አላስፈለገንም። እውነተኛው መድኃኒት በጥቂት ብር ተገኘ፤ ድንጋዮቹ አሁን መጻሕፍት ይደግፋሉ። ለተበደረው ተማሪም መምህሩ ራሳቸው ሄደው ነገሩት። በሰባ ዓመት ዕድሜ «ተሳስቼ መስክሬልሃለሁ» ማለት እንዴት እንደሚከብድ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

በታላላቅ ኦርኬስትራዎች አዲስ ሙዚቀኛ ሲፈተን በመጋረጃ ጀርባ ሆኖ እንዲጫወት የሚደረግበት አሠራር አለ። የፈተና ወረቀትም ከስም ይልቅ ቁጥር ይዞ የሚታረመው በዚሁ ምክንያት ነው። መጋረጃው ዳኛውን ለመናቅ የተሰቀለ አይደለም፤ ከራሱ ለመጠበቅ ነው። እኛ መምህራን፣ የኪነ ጥበብ ሰዎችና የሕዝብ አገልጋዮች በየቀኑ ስለ ሰው ሥራ እንመሰክራለን፤ በምስክርነታችንም አንዱ ይሾማል፣ አንዱ ይወድቃል። መጋረጃ መስቀል በሚቻልበት ቦታ ሁሉ እንስቀል። በማይቻልበት ቦታ ደግሞ «ሰማሁ» ከማለታችን በፊት ማን እንደ ነገረን ጆሯችንን እንጠይቀው።