ስለ ሰውነት ስብና ስለ ጡት ክብር

በወላይታ አገር መስከረም ሲጠባ ጊፋታ ይከበራል። ለዚህም በዓል ወንዶች የበሬ መግዣ ገንዘብ፣ ሴቶችም ቅቤ አስቀድመው ያጠራቅማሉ። አራስ በሚኖርበት ቤትም ቅቤ የበዛበት ምግብ ይቀርብላታል፤ ስትወፍርም ዘመዶቿ ደስ ይላቸዋል። የእናት ስብ ለሕፃኑ ወተት እንደ ሆነ ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታልና። ሐኪሞችም ይህንኑ ይመሰክራሉ፤ በእርግዝና ጊዜ በሴት ጭንና ዳሌ የሚከማቸው ስብ ለማጥቢያ የተቀመጠ ስንቅ ነው።

ይህ ስንቅ የሚያልቅበት ጊዜ እንዳለም የዚያው አገር እናቶች አይተዋል። በ2000 ዓ.ም. የበልጉ ዝናም በቀረ ጊዜ፣ ምድሩ ለምልሞ እየታየ ሕፃናት በረኃብ ከስተው ነበር።

ዛሬ ደግሞ በስልክ ምስል ሌላ ወሬ ወደ ሶዶ ይደርሳል። ከሆድ ወይም ከጭን ስብ በቀጭን ቱቦ ተመጥጦና ተጣርቶ፣ ጡትን ለማተለቅ በመርፌ ይገባል ይባላል። ነገሩ እውነት ነው፤ ጅማሬው ግን ለጌጥ አልነበረም። በ1895 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ቼርኒ የተባለ የሃይደልበርግ ሐኪም፣ ከጡቷ እብጠት ለወጣላት ሴት ከጀርባዋ የስብ እጢ ወስዶ ጉድለቷን ሞላላት። በነቀርሳ ምክንያት ጡቷን ያጣች ሴት ዛሬም በዚህ መንገድ ብትታከም፣ ማንም ካህን ሊነቅፋት አይገባም።

ለጌጥ ብቻ ሲሆን ግን ዋጋው ይመዘን። ከገባው ስብ ከፊሉን ሰውነት መልሶ ይመጠዋል፤ ከፊሉም ሞቶ የዘይት ቋት ወይም ጠጣር እብጠት ሊሆን ይችላል። ይህም በምርመራ ምስል ላይ ነቀርሳ ሊመስል ስለሚችል የአሜሪካ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር በ1987 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ሥራውን ተቃውሞ ነበር፤ በ2009 ግን ጥንቃቄ ይደረግ ብሎ አላላው። በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙ የነቀርሳ ዓይነቶች የጡቱ ቀዳሚ ነው። አንዲት እኅት እብጠት አግኝታ «ያ የገባው ስብ ነው» ብላ ብትዘገይ ምን ይሆናል?

አንዲት ሴት ጌታችንን በሕዝብ መካከል ስታመሰግን የተሸከመችውን ማኅፀንና የጠባቸውን ጡቶች አንሥታ ነበር (ሉቃ. 11፥27)። ጌታም ነገሯን አላሳፈረም፤ ቃሉን ሰምተው ወደሚጠብቁት ብፅዕና አሳደገው እንጂ። ሰዓሊዎቻችንም እመቤታችንን ልጇን ስታጠባ ለመሳል አላፈሩም። የጡት ክብር በስፋቱ ሳይሆን በሚሰጠው እንደ ሆነ ከዚህ እንረዳለን፤ ያልወለደችም ብትሆን በፈጣሪዋ ዘንድ ክብሯ አይጎድልም።

ካህናት አባቶች ሆይ፤ አንዲት ልጃችሁ ይህን ልታደርግ አስባ ወደ ንስሐ ብትመጣ፣ ኃጢአቱን ከመቍጠር በፊት «ጎደሎ ነሽ ያለሽ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቋት። ብዙ ጊዜ መልሱ የገዛ ባሏ ወይም የጓደኞቿ ሹክሹክታ ሆኖ ይገኛል። ባሏ ከሆነ እርሱም ተጠርቶ ይጠየቅ፤ ልጆቹን ያሳደገውን ደረት በመናቁ ንስሐ የሚገባው ቀድሞ እርሱ ነውና። በጡቷ እብጠት ያገኘችውን ግን ጠበሉን እየተጠመቀች ሳትውል ሳታድር ወደ ሐኪም ትሂድ በሏት፤ የሚሸኛት ከሌለ ከሰንበቴው እናቶች አንዷ አብራት ትሂድ።