«ትንሿ ሱቄ ትበቃኛለች»፦ ቀናዓ ነው ወይስ ፍርሃት?



ደባርቅ ላይ አንዱን ነጋዴ «ሥራህን ለምን አታሰፋውም?» ብትሉት «አልሐምዱሊላህ፣ ትበቃኛለች» ይላችኋል። መልሱ ያምራል፤ ቀናዓ፣ ባለው መብቃቃት፣ ትልቅ ጸጋ ነው። ትንሽ ስታጫውቱት ግን ሌላው ይወጣል። ብድሩ ወለድ አለው። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ ከሊማሊሞ ወደ ድብ ባሕር የሚወርደው መንገድ ለነጋዴ ሲዘጋ አይቷል። ሸሪክ ልያዝ ቢል ማን ይታመናል? ይህ ፍርሃት እንጂ ቀናዓ አይደለም። ቢሆንም ምክንያት አለውና «ስንፍና ነው» ብለን አንለፈው።

ሥሩ ሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1668፣ በቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ዘመን፣ የጎንደር ሙስሊሞች ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። ርስትም እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ በልማድ ለሙስሊም አይገባም ነበር። አባቶቻችን ወደ ሽመናና ሲራራ ንግድ የሄዱት ለዚህ ነው። መሬት የሌለው ሰው ሀብቱን የሚይዘው ተጭኖ በሚሄድ ነገር ነው፤ ብዙ አለማሳየትን፣ ብዙ አለመትከልን የወረስነው ከዚያ ይመስለኛል።

ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍን (ረ.ዐ.) አስቡ። ከመካ ባዶ እጁን መዲና ገባ። ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ.) የሀብቱን ግማሽ ሊሰጠው ሲል መርቆት፣ «ገበያውን አሳየኝ» አለ። የጀመረው በደረቅ አይብና በቅቤ ነው፤ የእኛው አገር ሸቀጥ ማለት ነው! ኋላ ከሶሐቦች ባለጸጎች አንዱ ሆነ። ማደጉ ዙህዱን አልነካበትም።

የሪባው ሰበብ እንደ ድሮው አይደለም። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ከወለድ ነፃ አገልግሎትን ፈቀደ፤ በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀመረ። ነገር ግን ባንክ መያዣ ይጠይቃል፤ ትንሹ ነጋዴ ከየት ያመጣል?

ለእሱ ሙዷረባ አለለት። ኸዲጃ (ረ.ዐ.) ገንዘቧን ሰጥታ ሰው ታስነግድ ነበር፤ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) በእሷ ገንዘብ ሻም ድረስ ነግደዋል። ደንቡ ግልጽ ነው፦ ትርፉ አስቀድሞ በተስማሙበት ድርሻ ይከፈላል። ሠሪው ካላጠፋ ኪሳራው የባለገንዘቡ ነው፤ የሠሪው ድካም ይቀራል። «በየወሩ ይህን ያህል ብር ቁርጥ» ከተባለ ግን ፈራሽ ነው።

«ማን ይታመናል?» ለሚለውም ቁርኣን ዕዳን ጻፉ፣ ምስክር አቁሙ ብሎናል። እኛ በ«ወንድሜ ነው» እንጀምርና በሽማግሌ እንጨርሳለን። ውል መጻፍ የሚያስቸግረው ካለ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ መስጂድ አለን፤ ሸሪኩን ይዞ ይምጣ።

ጁሙዓ ሙባረክ!