የማይራብ ገበሬ ክረምት

ስታርዱ ቫሊ የሚባለውን የእርሻ ጌም የተጫወተ ሰው አንድ ጥያቄ ላይ መድረሱ አይቀርም፦ «ክረምት ላይ ብር ከየት ላምጣ?» መልሱ ብዙ ነው፣ እንደርስበታለን። እኔን የሚገርመኝ ግን ጥያቄው ራሱ ነው።

ጌሙን ለማያውቅ ባጭሩ እንንገረው። ኤሪክ ባሮን የሚባል አሜሪካዊ ብቻውን አራት ዓመት ገደማ ለፍቶበት በፈረንጆቹ 2016 ያወጣው ጌም ነው። ባለታሪኩ ጆጃ በተባለ ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ተደፍቶ የሚውል ሠራተኛ ነው። አንድ ቀን በቃኝ ይልና አያቱ የተዉለትን ደብዳቤ ይከፍታል፤ ሥራውን ጥሎም የአያቱ እርሻ ይገባል። እዚያ ዓመቱ አራት ወቅት፣ እያንዳንዱ ወቅት ደግሞ 28 ቀን ነው። ሦስቱን ወቅት ይዘራል፣ ያጠጣል፣ ይሰበስባል፣ ይሸጣል። አራተኛው ሲገባ በረዶ ይወርድና ደጅ ያለው ሰብል ባንድ ሌሊት ይደርቃል።

ተጫዋቹ ያኔ ነው የሚጨንቀው። ዘዴ ይፈልጋል፣ ያገኛልም። 120 ደረጃ ወደ ታች የሚወርደውን ማዕድን ማውጫ በረዶ አይነካውም። ወንዙና ባሕሩ ዓሣ አላቸው። ግሪንሃውሱን ያስጠገነ ሰው ክረምትም ይዘራል። ያከማቸውን ፍራፍሬ በርሜል ውስጥ የከተተ ደግሞ ከሳምንት ገደማ በኋላ በፍሬው ሦስት እጥፍ ዋጋ የሚሸጥ ወይን ጠጅ ያገኛል። ላሞቹም ድርቆሽ ካላቸው ይታለባሉ። ጎበዝ ተጫዋች ክረምቱን አትርፎ ይወጣል።

እሺ፣ ጥሩ። ግን ለምን?

ይሄ ገበሬ እኮ አይራብም። የቤት ኪራይ የለበትም፣ ግብር አይከፍልም፣ አበዳሪ በሩን አያንኳኳም። ላሞቹን ባይመግብ እንኳ ይከፋቸዋል እንጂ አይሞቱም። ሃያ ስምንቱንም ቀን እቤቱ ተኝቶ ቢያሳልፍ ቀጣዩ ወቅት ሲገባ እርሱም እርሻውም እዚያው ናቸው። ጌሙ ያልጠየቀውን ጭንቀት ያመጣው ተጫዋቹ ነው።

እዚህ ላይ ቃሉ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። የጌሙን የበረዶ ወቅት «ክረምት» ብለን እንጠራዋለን። የእኛ አገር ክረምት ግን የዝናብ ወቅት ነው፤ ገበሬው የሚያርፍበት ሳይሆን የሚያርስበት፣ የሚዘራበት፣ የሚያርምበት። በዚያ ላይ ያለፈው ዓመት እህል ጎተራ ውስጥ እየተሟጠጠ አዲሱ ገና አልደረሰም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እህል የሚበደር፣ በግ ወይም ፍየል አውጥቶ የሚሸጥ ቤተሰብ አለ። እዚያ ቤት «ክረምት ላይ ብር ከየት ላምጣ?» ማለት «ልጆቹ ምን ይበላሉ?» ማለት ነው። ሁለቱ ገበሬዎች ጥያቄያቸው ቃል በቃል አንድ ነው። የአንዱ ከችግር የመጣ ነው። የሌላውስ ከየት መጣ?

«ኧረ ጌም እኮ ነው፣ ምን አካበዳችሁት» የሚል ይኖራል። ተቃውሞው የዋዛ አይደለም። ጉንዳኑ ሲሰበስብ የዘፈነውንና ክረምት ሲመጣ የተራበውን ፌንጣ ሁላችንም እናውቀዋለን። በርናርድ ሱትስ የተባለ ፈላስፋ በፈረንጆቹ 1978 ይህን ፌንጣ ጠቢብ አድርጎ መጽሐፍ ጻፈለት። ጨዋታ ማለት፣ ይላል በጥቅሉ፣ የግድ ያልሆነን እንቅፋት ወዶና ፈቅዶ ለማለፍ መሞከር ነው። በዚህ ሚዛን ክረምት ላይ ብር የሚያሳድድ ተጫዋች ምንም አላጠፋም፤ እንቅፋቱን ወዶ ነው የተሸከመው።

እስማማለሁ፣ ግን «ወዶ» የምትለዋ ቃል ላይ ቆም እንበል። በርሜል መደርደር ደስ የሚለው ሰው ይደርድር፣ እሱ እየተጫወተ ነው። ባዶ ቀን ሲያይ የጥፋተኝነት ስሜት የሚሰማው፣ ሳያተርፍ የተኛበትን ቀን እንደ ኪሳራ የሚቆጥረው ግን ጆጃን አልለቀቀም፤ ቢሮውን ተሸክሞት ነው እርሻ የገባው። ደግሞም ወርቁ የውሸት ቢሆን ሰዓቱ የእውነት ነው። የጌሙ አንድ ቀን በእኛ 14 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ክረምቱ በሙሉ ስድስት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ደስታ ካልሰጠ ምን ሰጠ?

አያትየው ይህን ሳያውቁ አልቀሩም። ሦስተኛው ዓመት ሲጀምር መንፈሳቸው መጥቶ የልጅ ልጃቸውን ይመዝናል። ሚዛኑ 21 ነጥብ አለው፤ ለገንዘብ የተመደበው 7 ብቻ ነው። ሌላው ለጎረቤት ወዳጅነት፣ ለትዳር፣ እንስሳው ባለቤቱን ስለ መውደዱ፣ ለሙያ፣ ለመንደሩ አዳራሽ መታደስ እና ለመሳሰለው ነው። ጠቅላላ ገቢው አንድ ሚሊዮን ከደረሰ በኋላ አሥር ሚሊዮን ቢጨምርበት አንዲት ነጥብ አያገኝም። አያትየው «ይበቃል» የሚባል ቁጥር አላቸው። ብዙዎቻችን የለንም።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። «እረፉ» ብሎ መስበክ ቀላል ነው፤ ለማን እንደሚሰበክ ግን መለየት ያስፈልጋል። ከሥራ በኋላ ሌላ ሥራ የምትገባ፣ ዓረብ አገር ሆና ለእናቷ መድኃኒትና ለወንድሟ ትምህርት ብር የምትልክ ልጅ አለች። እሷ ያለችው በእኛ ክረምት ውስጥ ነው። እሷን «ሕይወትሽን አጣጥሚ» ማለት ስድብ ነው። እሷን የሚጠቅማት ሸክሙን የሚካፈላት ሰው ነው።

ሌሎቻችን ደግሞ አለን፤ ጎተራችን ያልጎደለ፣ ግን ቅዳሜ ሶፋ ላይ ስንቀመጥ «ምን እየሠራሁ ነው?» የሚል ድምፅ የሚያሳድደን። ከእሷ ችግር ጭንቀቱን ብቻ ተውሰን «ጉብዝና» ብለን ሰይመነዋል። በዚህ መሀል የማይሸጥ የማይለወጠው ነገር ቦታ ያጣል። ጌሙ ውስጥ ክረምት በገባ በ25ኛው ቀን የስጦታ በዓል አለ። እያንዳንዱ ሰው በምስጢር አንድ የመንደሩ ሰው ይደርሰዋል፣ ለእሱም ስጦታ ይዞ ይመጣል። ያ ሰው ምን እንደሚወድ ለማወቅ ቀደም ብሎ ጊዜ ሰጥቶ ማውራት፣ ማስተዋል ይጠይቃል። ማዕድን ማውጫው ውስጥ የከረመ ሰው ይህን ከየት ያውቃል?

ስለዚህ «ከየት ላምጣ?» ከማለታችን በፊት ሁለት ጥያቄ ብናስቀድም ደግ ነው፦ ለማን? እስከ ስንት? ለመጀመሪያው የሰው ስም ያለው፣ ጉልበት ይስጠውና ይሥራ። ለሁለተኛው ቁጥር የሌለው ግን ክረምቱ መቼም አያልቅለትም፤ በረዶው ቢቀልጥም።